ጎተራው ነቀዝ አለው፦ ስለ ደን አፈር ካርቦን ለቀረበ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ደን አፈር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላኩልኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም «ያንቺ ሙያ አይደል?» ብለው። ጽሑፉ ባማረ አማርኛ የተጻፈ ነው። ስለ አፈር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ስለሆነ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን እስክሪብቶ አነሣሁ።

የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። የደን አፈር ካርቦንን ለሺህ ዓመታት ቆልፎ የሚይዝ ጎተራ ነው። ጎተራው የሚሞላው በሚረግፍ ቅጠል ስለሆነ፣ ቶሎ የሚያድግና ቅጠሉ የበዛ ዛፍ፣ በተለይ ባሕር ዛፍ፣ ቶሎ ይሞላዋል። ምን ያህል እንደጎደለ ለማወቅ የላይኛውን 20 ሴንቲ ሜትር አፈር አስመርምሮ የካርቦኑን መቶኛ ማነጻጸር ይበቃል፤ ላቦራቶሪ ለሌለው ደግሞ ዝናብ እንዳባራ ከመሬቱ የሚወጣውን ጋዝ አንድ ከሰዓት መለካት በቂ ነው። ከዚያ ያለፈው ምርምር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እኛ ችግኝ እንቁጠር ይላሉ። አምስት ነጥብ መሆኑ ነው። በየተራ እሄድባቸዋለሁ፤ ሁሉም ላይ ግን እኩል አልቆይም፣ ምክንያቱም አንዳንዱ በሁለት መስመር የሚታረም ሲሆን ሌላው ጉድጓድ መቆፈር ይጠይቃል።

ከጎተራው ልጀምር። ምሳሌው አይከፋም፤ ጸሐፊው ግን ነቀዙን ረሱት። ጫካ ውስጥ የረገፈ ቅጠል ላይ ፈንገሱ፣ ባክቴሪያው፣ ምስጡና ትሉ ይዘምቱበታል። ከቅጠሉ ካርቦን አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በነዚህ ፍጥረታት ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። ጥቂቱ የራሳቸው ሥጋ ይሆናል። እነሱም በተራቸው ይሞታሉ፤ ከሬሳቸው የተረፈው ከሸክላው ቅንጣትና ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም ዝገት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አፈር ውስጥ ረጅም ዕድሜ ካላቸው የካርቦን ክፍሎች ትልቁ ድርሻ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ቅጠሉ ራሱ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ የተቀመጠው የበሉት ቅሪት ነው።

ጸሐፊው ይህን አለማንሣታቸው አይገርመኝም። እኛም ስንማር የተነገረን ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1786 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍራንዝ ካርል አካርድ ረግረግ ውስጥ የተጠራቀመ የዕፅዋት ብስባሽን (ፒት የሚባለውን) በአልካሊ ዘፍዝፎ ጥቁር ፈሳሽ አወጣ። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል፣ አፈር ውስጥ ማንም ተህዋሲ ሊበላቸው የማይችል ግዙፍና ውስብስብ ሞለኪውሎች ይሠራሉ፣ ብስባሹን ለዘመናት የሚያቆዩትም እነዚህ ናቸው ተብሎ ተማረ፣ ተማርን፣ አስተማርንም። መሣሪያው ሲሻሻልና አፈሩ ሳይዘፈዘፍ እንዳለ ሲታይ ግን እነዚያ ግዙፍ ሞለኪውሎች አልተገኙም። የተገኘው ተራ ነገር ነው፦ ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ቅባት፣ በተለያየ የመበስበስ ደረጃ ላይ ያለ። የአፈር ሳይንቲስቶቹ ዮሐንስ ሌማንና ማርኩስ ክሌበር እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር መጽሔት ላይ ይህን አሰባስበው ሲያቀርቡ፣ የድሮው ትምህርት በአብዛኛው አፈሩን ከዘፈዘፉበት ኬሚካል የመጣ መሆኑን አስረድተዋል።

ታዲያ ተራ ስኳር ከሆነ ለምን አይበላም? ሊበላ ስለማይችል ሳይሆን በላተኛው ስለማይደርስበት ነው። ከሸክላ ጋር ተጣብቋል፤ ወይም በአፈሩ ጓል እምብርት ውስጥ ተደብቋል፤ ወይም ኦክስጅን የለም፤ ወይም ቅዝቃዜው አላሠራ ብሏል፤ ወይም ደግሞ ተህዋሲው ሥራ የሚጀምርበት ስንቅ አጥቷል። የመጨረሻውን በተመለከተ ፈረንሳይ ውስጥ በሣር መሬት ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሙከራ አለ። ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የተኛ አፈር ላይ ትኩስ ሴሉሎስ ጨመሩበት። ስንቅ ያገኙት ተህዋሲያን ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ካርቦን መብላት ጀመሩ። ሃያ አምስት መቶ ዘመን «የተቆለፈ» ነገር በጥቂት ስኳር ተከፈተ። ይህ ቁልፍ አይባልም።

የሺህ ዓመቱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ከሬዲዮካርቦን ልኬት ነው፤ ሬዲዮካርቦን በጊዜ ብዛት እየመነመነ የሚሄድ፣ የነገርን ዕድሜ የምንለካበት የካርቦን ዓይነት ነው። ልኬቱም ውሸት አይደለም። ውሸቱ አማካዩን እንደ እያንዳንዱ ዕድሜ መውሰድ ነው። አንዲት የ95 ዓመት አያት፣ ሦስት የአንድ ዓመትና አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ያሉበት ቤት አማካይ ዕድሜው 20 ዓመት ይሆናል፤ ቤቱ ውስጥ ግን የ20 ዓመት ወጣት የለም። አፈርም እንዲሁ ነው። ጥቂት እጅግ የጀጀ ካርቦንና ብዙ ትናንት የገባ ካርቦን አንድ ላይ ተመዝኖ «ሺህ ዓመት» ይባላል። ሁለቱን ለመለየት የረዳን፣ የሚያሳፍር ቢሆንም፣ የኒውክሌር ቦምብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ የተደረጉት ሙከራዎች በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከባቢ አየር የነበረውን ሬዲዮካርቦን በእጥፍ ገደማ አሳደጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ጣሪያው ላይ ደርሶ፣ ሙከራው በስምምነት ሲገታ መውረድ ጀመረ። ዛፎቹ ያን አየር ተንፍሰው ቅጠል ሠሩ፤ ቅጠሉ አፈር ገባ። ዛሬ አንድ ንብርብር አፈር ውስጥ የቦምቡ ምልክት ካለ ካርቦኑ ቢያንስ በከፊል ከዚያ ወዲህ የገባ ነው። የላይኛው የደን አፈር ደግሞ በምልክቱ የተሞላ ነው።

ስለዚህ ነው የላይኛው አፈር ቶሎ የሚራቆተው። የአፈር ተመራማሪው ዳዊት ሰለሞንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሥራ በአገራችን ደጋ፣ በውሽውሽና በሙነሳ፣ የተፈጥሮ ደንን ከጎኑ ከታረሰ ማሳ ጋር አነጻጽረዋል። ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በታረሰው መሬት የላይኛው አፈር ካርቦን ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ለሺህ ዓመት የተቆለፈ ጎተራ በበሬና በሞፈር በ25 ዓመት እንዴት ተከፈተ? ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህንን ነው። ማረሻ እንኳ ሳይነካው ይከፈታል፦ ማሳቹሴትስ ውስጥ በሃርቫርድ ደን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አፈር ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀብረው ከአካባቢው በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቀውታል። በ26 ዓመት ውስጥ ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር ካርቦን 17 በመቶው ወጥቷል። አወጣጡም ወጥ አልነበረም፤ የተወሰነ ዓመት ይተፋል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይተፋል። በዝምታው ዓመታት ብቻ የለካ ሰው «አፈሩ ለምዶታል» ብሎ ሪፖርት በጻፈ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ቅጠል ሲበዛ ካርቦን ይበዛል የሚለው ነው። እውነት የሚመስል ነገር ነው፤ ግን ተሞክሯል። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረ፣ በኋላም በሌሎች ደኖች የተስፋፋ ሙከራ አለ፤ አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንዱ መደብ የረገፈውን ቅጠል በየዓመቱ ጠርገው ሌላው መደብ ላይ ይጨምሩታል፤ በሦስተኛው ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው ሥር እንዳይገባ ይከለክላሉ። ኦሪገን በሚገኘው አንድሪውስ የሙከራ ደን ለሃያ ዓመት ቅጠሉ በእጥፍ ሲጨመር ኖሮ የማዕድን አፈሩ፣ ማለትም ከቅጠል ንጣፉ ሥር ያለው አፈር፣ ካርቦኑ አልጨመረም። ትኩሱ ቅጠል ለተህዋሲያኑ ስንቅ ሆኖ የድሮውንም አብረው በሉት። ሲጠረግ ግን በሌሎች ደኖች ጎድሏል። እንግዲህ ሚዛኑ እኩል አይደለም፦ መጨመር ቀስ ብሎ ይረዳል ወይም ጭራሽ አይረዳም፣ መውሰድ ግን ብዙ ጊዜ ይጎዳል።

ይህን ሳስብ እንጦጦ ትዝ ይለኛል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ማገዶ ያለቀባትን አዲስ አበባን ለመታደግ የመጣ ዛፍ ነው፤ ታድጓታልም። ባሕር ዛፍን የሚረግሙ ሰዎች ዘንድ አልቆምም። እሱ ባይኖር የቀረውን ጥድና ዝግባ እንጨርሰው ነበር። ነገር ግን ከእንጦጦ ቁልቁል ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው የባሕር ዛፉ ቅጠል አፈር ውስጥ ገባ ብሎ አይጽፍም። ቅጠሉ እንጀራ ጋግሮበታል። ግንዱ አጣና ሆኗል። ጸሐፊው በሰንጠረዣቸው የቆጠሩት ርጋፊ ብዙ ቦታ ምጣድ ሥር ነው ያለው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ አውሮፓውያንም ለከብት መኝታ ብለው ለዘመናት የደን ቅጠል ጠርገው አፈራቸውን አራቁተዋል። ግን ሒሳቡ ውስጥ ይግባ።

ደግሞስ ጎተራውን በዋናነት የሚሞላው ቅጠል ነው ያለው ማነው? ሥር ነው። ሥር የሚሞተው እዚያው ሸክላው መካከል ነው፤ በሕይወት እያለም ስኳሩን እያንጠባጠበ ፈንገሱን ይቀልባል። ቅጠል ግን ላይ ሆኖ ይበሰብሳል፣ ትንፋሹም ቀጥታ ወደ አየር ነው። አፈር ውስጥ ከሚቆየው ካርቦን ከቅጠል ይልቅ ከሥር የመጣው እንደሚያመዝን ብዙ ጥናቶች ተስማምተዋል። ለእኛ ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ሁምቦ 2,700 ሄክታር የሚያህል የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው ችግኝ በመትከል አልነበረም፤ ከተቆረጡት ጉቶዎች የሚያቆጠቁጠውን መርጦ በመግረዝና ከከብት በመጠበቅ ነው። ላዩ ሲታይ መሬቱ ባዶ ነበር፤ ሥሩ ግን ከታች በሕይወት ነበር። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በኪዮቶው የአየር ንብረት ስምምነት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቦ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝቷል። ጸሐፊው ፈጣን ዛፍ ሲፈልጉ ከሁሉ የሚፈጥነው አስቀድሞ ሥር የሰደደው ነው የሚለው አልታያቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ለእኛ የተሰጠ የሚመስል ዘዴ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም «ከደን የመጣው ካርቦንና ከሰብል የመጣው እንዴት ይለያል? አፈር ስም አይጽፍበት» ብለው ይቀልዳሉ። ይጽፋል። ዛፎች በአንድ መንገድ፣ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው ከአየር ካርቦን የሚይዙት። በዚህ ምክንያት ከባዱ የካርቦን ዓይነት፣ ካርቦን 13 የሚባለው፣ በሁለቱ ውስጥ መጠኑ ይለያያል። በሳይንሱ መለኪያ የዛፍ ቅጠል ከዜሮ በታች 27 አካባቢ ሲሆን የበቆሎና የጤፍ ከዜሮ በታች 12 ወይም 13 ነው። እንግዲህ ደን ተመንጥሮ በቆሎ ሲዘራበት የኖረ ማሳ አፈር ቢለካና ከዜሮ በታች 22 ቢሆን፣ በ27 እና በ12 መካከል ካለው 15 ውስጥ 5ቱን ተጉዟል፤ ካርቦኑ አንድ ሦስተኛው ከበቆሎ፣ ሁለት ሦስተኛው ገና ከድሮው ደን ነው ማለት ነው። ጤፍ ማሳ ላይ ዛፍ ሲተከልም በተቃራኒው ይሠራል። እንዲህ የታዩ ቦታዎች አንድ ነገር ያሳያሉ፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የድሮው ካርቦን የሚወጣበት ፍጥነት አዲሱ ከሚገባበት ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ድምሩ ከመጨመሩ በፊት ይቀንሳል። ስንዴና ገብስ ግን እንደ ዛፉ ስለሆኑ በዚህ ዘዴ አይለዩም። በአርሲ ስንዴ ማሳ የሠራ ጓደኛዬ ይህን የተረዳው ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ፣ ተከፍሎበት፣ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነው።

ወደ ሦስተኛው ልግባ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ጸሐፊው ከአንድ ደንና ከአጠገቡ ካለ ማሳ የወሰዱትን ውጤት ያቀርባሉ፦ ደኑ 8.6 በመቶ፣ ማሳው 4.3 በመቶ። ሁለቱንም በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በሄክታር 2,000 ቶን አፈር አባዝተው 172 ቶንና 86 ቶን ካርቦን ያገኛሉ፤ «86 ቶን ካርቦን ጠፋ» ብለው በደማቅ ጽፈውታል።

መጀመሪያ ነገር፣ ሰንጠረዡ ርዕስ ላይ «ኦርጋኒክ ቁስ» ይላል። ኦርጋኒክ ቁስ ካርቦን አይደለም። በልማድ 58 በመቶው ካርቦን ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ ለ1.724 ይካፈላል። 8.6 በመቶ ኦርጋኒክ ቁስ ማለት 5 በመቶ ካርቦን ነው፤ 4.3ም 2.5 ይሆናል። በጸሐፊው በራሳቸው አካሄድ እንኳ ደኑ 100 ቶን፣ ማሳው 50 ቶን ነው፤ የጠፋው 86 ሳይሆን 50 ሆነ። ይህን ስል ከላይ ሆኜ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ላቦራቶሪ ኦርጋኒክ ቁስን «ካርቦን» በሚል ርዕስ ሥር ጽፌ ፈርሜ አስረክቤያለሁ፤ ስሕተቱ የታወቀው ከዓመት በኋላ አንድ ተማሪ «የእናንተ አፈር ለምን ከሁሉ ይበልጣል?» ብሎ ሲመጣ ነው። እስከዛሬ 1.724ን በእንቅልፌም አልረሳም።

ሁለተኛው ስሕተት ይጠልቃል። በሄክታር 2,000 ቶን የሚለው ሁለቱም አፈር እኩል ይመዝናል ብሎ ነው። የደን አፈር ግን ሥርና ትል ያላላው፣ እግር ሲረግጠው የሚሰጥም ነው፤ የማሳው በበሬ እግርና በዝናብ የተጠቀጠቀ ነው። ለምሳሌ ያህል የደኑ በኪዩቢክ ሜትር 0.8 ቶን፣ የማሳው 1.1 ቶን ይመዝናል እንበል። ባለ 20 ሴንቲ ሜትሩ የደን አፈር 1,600 ቶን ይሆናል፤ 5 በመቶው 80 ቶን ካርቦን ነው። የማሳው 2,200 ቶን ነው፤ 2.5 በመቶው 55 ቶን። ልዩነቱ 25 ቶን ብቻ ሆነ! ግን ይህም ትክክል አይደለም። ማሳው ሲጠቀጠቅ ድሮ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች የነበረው አፈር አሁን 20 ሴንቲ ሜትሩ ውስጥ ገብቷል፤ 2,200 ቶንን ከ1,600 ቶን ጋር እያነጻጸርን ነው። እኩል ክብደት ካላነጻጸርን ፍርዱ ያጋድላል። የማሳውን 1,600 ቶን ብቻ ከወሰድን፣ እሱም የላይኛው 14.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ካርቦኑ 40 ቶን ይሆናል። ልዩነቱ 40 ቶን። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰላ፣ በ3.67 ይባዛና፣ 147 ቶን ገደማ።

ከአንድ ጥንድ ናሙና 86፣ 50፣ 25 እና 40 ወጣ። የርዕሱን ስሕተት ካረምን በኋላ የቀረውን ያሳሳተው የኬሚስትሪ ጉድለት አይደለም። አንዲት የብረት ቀለበት አፈሩ ውስጥ በመዶሻ አስገብቶ፣ ሳይፈስ አውጥቶ፣ በ105 ዲግሪ አድርቆ መመዘን ነበር የጎደለው። ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ድንጋይ የበዛበት አፈር ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ተለይቶ መቀነስ አለበት፤ ድንጋይ ካርቦን አያከማችም።

የላቦራቶሪው ነገርም አለ። አብዛኛው የአገራችን የአፈር ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው የዎክሊና ብላክ ዘዴ ነው የሚሠራው፦ አፈሩ በፖታሲየም ዳይክሮሜትና በሰልፈሪክ አሲድ ይቃጠላል፤ ብርቱካናማው ፈሳሽ ወደ አረንጓዴ በተለወጠ መጠን ካርቦኑ ይሰላል። ዘዴው በአማካይ ከካርቦኑ 77 በመቶውን ብቻ ስለሚይዝ ውጤቱ በ1.3 ይባዛል። አማካይ ነው እንግዲህ፤ የአንዱ ደን አፈር ከዚያ በላይ፣ የሌላው ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። በዚህ ዘዴ የወጣን ቁጥር ናሙናውን እንዳለ አቃጥሎ ጋዙን ከሚለካ ማሽን ቁጥር ጋር ሳይሉ ሳይሰሙ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ መደርደር አይገባም። ጸሐፊው ደኑን ከአንድ ጥናት፣ ማሳውን ከሌላ ጥናት ወስደው እንደሆነ በጽሑፉ አይታወቅም።

20 ሴንቲ ሜትሩስ? በዓለም ደኖች በአማካይ ከመጀመሪያው አንድ ሜትር ካርቦን ግማሽ ያህሉ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን መመሪያም በመነሻነት የሚወስደው 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እሱንም ቢሆን ለቆጠራ ያህል እንጂ ከዚያ በታች ምንም የለም ለማለት አይደለም። በደጋው ቀይ አፈር ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለት ሜትር ወርደህ የወይራ ሥር ታገኛለህ።

አራተኛው፣ ዝናብ እንዳባራ መሬቱ ላይ ክዳን ደፍቶ ጋዝ መለካት። በዚህ አልዘገይም፤ ግን ሁለት ነገር ልበል። ሃሪ በርች የተባለ ተመራማሪ ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ሲሠራ፣ የደረቀ አፈር እንደገና ሲርስ ድንገተኛ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጎርፍ እንደሚለቅ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፏል፤ ክስተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የገበሬው አባባል ይቅርና የክረምት መግቢያ ሽታው ራሱ ይነግርሃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው አፈሩ ይነቃል። ጸሐፊው የመከሩት ሰዓት በዓመቱ ውስጥ ካሉት ሰዓቶች ሁሉ ዓመቱን የማይወክለው ነው። ያንን ቁጥር በ365 ያባዛ ሰው ደኑ በጥቂት ዓመት ባዶውን ይቀራል ብሎ ይደመድማል። ጸሐፊውም ወደዚያ ተጠግተዋል፤ ከጎተራው ቁልፍ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ አላብራሩም።

ሌላው፣ ከአፈር የወጣ ጋዝ ሁሉ ከአፈር ካርቦን የመጣ አይደለም። ሰሜን ስዊድን ውስጥ በአንድ የጥድ ደን የዛፎቹን ቅርፊት ዙሪያውን ላጡት። ስኳሩ ከቅጠል ወደ ሥር መውረዱ ተቋረጠ። በአንድና ሁለት ወር ውስጥ ከመሬቱ የሚወጣው ጋዝ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ያ ግማሽ እንግዲህ የሥሩና የሥር ፈንገሱ ትንፋሽ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በፊት ቅጠሉ ከአየር የያዘው ካርቦን በዚያው መመለሱ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2001 ከታተመ ወዲህ ሥርን ሳይለዩ «አፈሩ ይህን ያህል አጣ» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

የመጨረሻው የቅንጦት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። የካርቦን 13 መለኪያ ማሽን ውድ ነው፤ ናሙና ባሕር ማዶ ይላካል። ያለውን ደን አለማስመንጠር ከማንኛውም ልኬት ይቀድማል፤ አዎ። በካርቦን ገበያውም ቢሆን በሁምቦው ዓይነት ሥርዓት፣ አፈሩ እንደማይጎዳ ማሳየት የቻለ ፕሮጀክት የአፈሩን ካርቦን ሳይቆጥር ማለፍ ይፈቀድለት ነበር፤ ጸሐፊው «ማንም አይጠይቀንም» ሲሉ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይፈቀድ የነበረው ለጥንቃቄ ነው፤ ያልለካኸውን አትሸጥም ነው ነገሩ። ጸሐፊው ግን ሳይለኩ በሺህ ዓመት ቁልፍ ሊሸጡት ፈለጉ።

ችግኝ መቁጠርንም አልንቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። ግን የችግኝ ቁጥር አፈሩ ምን እየሆነ እንደሆነ አይነግርህም፤ ተራራ ላይ የነበረ የሣር መሬት ተቆፍሮ ከሆነ መጀመሪያ ካርቦን ያጣል፤ ከዚያ ችግኙ ይጸድቃል ወይም አይጸድቅም።

ርካሽ ዘዴ ደግሞ ሞልቷል። የናይለን ከረጢት ውስጥ የተመዘነ ቅጠል ጨምሮ መቅበርና በየወሩ አውጥቶ መመዘን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ይህንኑ በሻይ አቅልለውታል፦ የአረንጓዴ ሻይና የሮይቦስ ከረጢት በ8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለሦስት ወር ይቀበራል፤ አረንጓዴው ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሮይቦሱ ይዘገያል፤ ከሁለቱ ልዩነት ፍጥነቱና የሚቀረው ይሰላል። የሚያስፈልገው የወርቅ ቤት ሚዛን የምትመስል ትንሽ ሚዛን ነው። በአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን አጥር ውስጥና ከአጥሩ ውጭ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይዘን ቀብረን አውጥተናል፤ ከቀበርነው አንድ ሦስተኛውን ምስጥ ወስዶታል። ልጆቹ አዘኑ። እኔ ግን ምስጡንም መዝግቡት አልኳቸው፤ እሱም ነቀዝ ነው።

ጸሐፊውን በመጨረሻ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ያ 8.6 እና 4.3 የወጣበት ቦታ ላይ ቀለበት ተወስዶ ከሆነ፣ ክብደቱ የተጻፈበት ወረቀት አንድ ቦታ ይኖራል፤ ናሙናው የተወሰደው በየትኛው ወር እንደሆነና ማሳው ጤፍ ይሁን ስንዴም ጭምር። ይላኩልኝ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን። ካልተወሰደም ቀለበት እኔ ጋ አለ፤ መዶሻ ይዘው ይምጡ።